ለሕክምና ረዳትነት የሥራ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንዘጋጅ?



የቲምን ማሳደግ በማብላት፣ በማልበስና በማስተማር ብቻ አይፈጸምም። ልጁ በገዛ ላቡ እስኪያድር ድረስ አንድ እርምጃ ይቀራል፤ እርሱም ሥራ መያዝ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወጣቶቻችን ከሚመርጧቸው ሙያዎች አንዱ የሕክምና ረዳትነት (ሜዲካል አሲስታንት) ሲሆን፣ ሥልጠናው በአንድ ዓመት ገደማ ሊጠናቀቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ትምህርቱን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ወጣት በቃለ መጠይቅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሌላው ከአባቱ የሚሰማውን ምክር የሚነግረው የሌለው ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይቸገራል። ስለሆነም ጉዳዩን በአጭሩ ልናብራራ ወደድን።

1. ጠያቂዎቹ ምን ይፈልጋሉ?

የሕክምና ረዳት ሕሙማንን ተቀብሎ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የሰውነት ሙቀት ይለካል፤ የሕመሙን ታሪክ በኮምፒዩተር ይመዘግባል፤ እንደየስቴቱ ሕግም ደም ይቀዳል፣ መርፌ ይወጋል። ጠያቂዎቹ የእንግሊዝኛውን ማማር ሳይሆን «ሕመምተኛን ለዚህ ሰው በአደራ ብንሰጥ ይጠብቀዋልን?» የሚለውን ይመዝናሉ። ዝግጅቱ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ መሆን ይኖርበታል።

2. ሊጠየቁ የሚችሉ ጉዳዮች

ሀ. «የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ብታገኘው ምን ታደርጋለህ?» ሕመምተኛው ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ ክንዱን በልቡ ትክክል አድርጎ ለአምስት ደቂቃ ያህል በጸጥታ እንዲያርፍ ማድረግ፤ ደግሞ መለካት፤ ከዚያም ለሐኪሙ ማሳወቅ ነው።

ለ. «የላቦራቶሪ ውጤቷን ተርጉምልኝ ብትልህስ?» ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለማጽናናት ብሎ እንኳ ውጤትን መተርጎም የረዳቱ ሥልጣን አይደለም። ጥያቄዋን በአክብሮት ሰምቶ ለሐኪሙ ማድረስ ይገባል። የሥልጣንን ወሰን ማወቅ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የብቃት ምልክት ነው።

ሐ. «ትክክለኛው ሕመምተኛ መሆኑን እንዴት ታረጋግጣለህ?» የተለመደው መልስ ሙሉ ስምንና የትውልድ ቀንን መጠየቅ ነው። በስደተኞች ዘንድ ግን ስሞች ይመሳሰላሉ፤ የብዙዎች የትውልድ ቀንም በሰነድ ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ስለዚህ አድራሻን ወይም ስልክን ጨምሮ መጠየቅ ይጠቅማል። ይህን የሚያውቅ ወጣት ለክሊኒኩ ትልቅ ሀብት ነው።

መ. «የምታውቀው ሰው ቢታከምስ?» በ1996 የወጣው ሂፓ የተሰኘው ሕግ የሕመምተኛን ምስጢር ይጠብቃል። ጎረቤትን በክሊኒክ ያየ ረዳት ለእናቱም ቢሆን አይናገርም። ቤተሰቦችም «እገሌ ምን ሆኖ ነው?» ብለን ባንጠይቅ ልጃችንን ከፈተና እናድናለን።

3. ስለ ራስ መናገር

በባህላችን ራስን ማወደስ ነውር ነው፤ በታላቅ ፊት ማቀርቀርም ጨዋነት ነው። በአሜሪካ ግን ይህ እንደ መፍራት ወይም እንደ አለማወቅ ሊቆጠር ይችላል። መፍትሔው መኩራራት ሳይሆን የሠሩትን በቅደም ተከተል መናገር ነው፦ ምን ገጠመኝ፣ የእኔ ኃላፊነት ምን ነበር፣ ምን አደረግሁ፣ ምን ውጤት ተገኘ። ከተግባር ልምምድ ሁለት ሦስት እውነተኛ ገጠመኞችን ማዘጋጀት ይበቃል። ታናናሾቹን ያሳደገ ወይም ለአያቱ መድኃኒት በሰዓቱ ሲሰጥ የኖረ ወጣትም ይህን ሊናገር ይገባዋል፤ ኃላፊነትን የመሸከም ማስረጃ ነውና።

4. ሒጃብና ሶላት

በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ቀጣሪዎች በሃይማኖት ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል። በ2008 ሻሽ አድርጋ በመቅረቧ በአንድ የልብስ መደብር ያልተቀጠረችን ሙስሊም ወጣት ጉዳይ የተመለከተው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ለእርሷ ወገን ወስኗል። እኅቶቻችን ሒጃባቸውን ለብሰው በሙሉ ልብ ይቅረቡ። ለእጅ ንጽሕና ሲባል ግን እጅጌ የሚሰበሰብና ጫፉ የማይንጠለጠል ልብስ ቢመርጡ መልካም ነው። ከተቃራኒ ጾታ ጋር የማይጨባበጥ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በፈገግታ ሰላምታ ቢሰጥ በቂ ነው። የሶላትን ጊዜ በእረፍት ሰዓት ማመቻቸት የሚቻል በመሆኑ፣ ሥራው ከተፈቀደ በኋላ መነጋገር ይቻላል።

5. ሰነዶች

የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ የሙያ ፈተና ውጤት፣ የልብና የትንፋሽ እርዳታ (ሲፒአር) ካርድ፣ የክትባትና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማስረጃዎች አስቀድመው ይዘጋጁ። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ለምሳሌ በዋሽንግተን ስቴት ያለ ስቴቱ ምዝገባ ወይም ፈቃድ በዚህ ሙያ መሥራት አይቻልም።

ውድ ለጋሾቻችን! በሕክምና ሙያ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ከገንዘባችሁ ሌላ አንድ ሰዓት ብትለግሱ፣ አንዱን ወጣት ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ብትጠይቁት፣ ስሕተቱንም በፍቅር ብታርሙት፣ አባት ሊያደርግለት የሚገባውን አደረጋችሁለት ማለት ነው። ሥራ ያገኘ የቲም ነገ ታናናሾቹን ይረዳል፤ ከተረጂነት ወደ ረጂነት ይሸጋገራል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለወጣቶቻችን ጉዳያቸውን ያግራላቸው። አሚን።