ማላካን ማን አቀናት? እውነት ወይስ ተረት?

በማሌዥያ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ የማላካ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ስፍራ ያለችው ጥንታዊት ከተማ ማላካ በ2008 ከጆርጅ ታውን ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ስለ እሷ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ተረቱ ያጋድላል። ተረቱም ያለ ጉዳት አይደለም፤ ከተማዋን ያቀኗትን ሰዎች ድካም ነጥቆ ለወረሯት ይሰጣል። ስለዚህ አራት ተረቶችን አንድ በአንድ እንመርምር። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት 1፦ ማላካ የተቆረቆረችው በአንዲት ትንሽ እንስሳ ጀግንነት ነው

የማላይ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ ስደተኛው ንጉሥ አደን ላይ ሳለ ከጥንቸል ብዙም የማትበልጥ ሚዳቋ መሰል እንስሳ አዳኝ ውሻውን በእርግጫ ብላ ውኃ ውስጥ ጣለችው። ንጉሡም "እንስሳዋ እንኳ ደፋር የሆነችበት አገር መልካም ነው" ብሎ ከተማ ቆረቆረ ይባላል።

እውነቱ፦ ከሱማትራዋ ፓሌምባንግ የተነሣው መስፍን ፓራሜስዋራ በ1400 አካባቢ እዚህ ሲሰፍር ቦታው ራሱ በቂ ምክንያት ነበረው። በሕንድና በቻይና መካከል የሚመላለሱ መርከቦች በጠባቡ የማላካ ሰርጥ ያልፋሉ። የሕንዶቹ በአንዱ ወቅት ነፋስ፣ የቻይናዎቹ በሌላው ይመጣሉ፤ ለመመለስም ነፋሱ እስኪዞር ወራት መጠበቅ አለባቸው። የወንዙ አፍ ለመርከቦቹ መጠለያ፣ ከጎኑ ያለው ኮረብታ ለንጉሡ መጠበቂያ ሆነ። ሩዟ እንኳ ከጃቫና ከሲያም በመርከብ ይመጣላት ነበርና ማላካ የምትኖረው በእንግዶቿ ነበር።

ተረት 2፦ ንግዱን ያመጡት አውሮፓውያን ናቸው

እውነቱ፦ የመጀመሪያዎቹ የፖርቹጋል መርከቦች የደረሱት በ1509 ነው። ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ከቻይናው አድሚራል ዠንግ ሄ ጋር የተጓዘው አስተርጓሚ ማ ሁዋን ያየውን ጽፎልናል። በወንዙ ላይ ድልድይ ነበር፤ በድልድዩ ላይ ከሃያ በላይ ዳሶች ተሠርተው ነበር፤ ሸቀጡ ሁሉ የሚሸጠውና የሚገዛው እዚያ ላይ ነበር። ከሥሩ ጀልባ ያልፋል፣ ከላዩ ገበያ ይደራል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ሥርዓቱ ነው። የማላካ ሱልጣኖች ሻህባንዳር የሚባሉ አራት የወደብ ሹሞች ሾመው ነበር፤ አንዱ ለጉጃራት ነጋዴዎች፣ ሌላው ለደቡብ ሕንድ፣ ለቤንጋልና ለበርማ ወገን፣ ሦስተኛው ለጃቫና ለቅመም ደሴቶች፣ አራተኛው ለቻይና፣ ለቻምፓና ለርዩኪዩ። መርከብ ሲገባ የየወገኑ ሹም ይቀበለዋል፤ መጋዘንም ያሰጠዋል። ከምዕራብ የመጣው ከሸቀጡ 6 በመቶ ይቀረጣል፤ ከምሥራቅ የመጣው በቀረጥ ፈንታ ገጸ በረከት ያቀርባል። የጉጃራት ጨርቅ፣ የማሉኩ ቅርንፉድ፣ የባንዳ ገውዝ፣ የቻይና ሐር በዚህ ደንብ ተለዋወጡ።

ፖርቹጋሎች ከተማዋን ከያዙ በኋላ በዚያ የኖረው ፖርቹጋላዊው ቶሜ ፒሬስ እንኳ ይህን አልደበቀም። የነጋዴዎቹን ዝርዝር ሲጽፍ ከካይሮ፣ ከመካና ከኤደን ሰዎች ቀጥሎ ሐበሾችን ይጠቅሳል። የእኛም ሰዎች በዚያ ገበያ ነበሩ ማለት ነው።

ተረት 3፦ የቻይና ንጉሠ ነገሥት ልጁን ሀንግ ሊ ፖን ለማላካው ሱልጣን ማንሱር ሻህ ዳረ

እውነቱ፦ ታሪኩን የሚነግረን የማላይ ዜና መዋዕል ነው፤ የሚንግ ሥርወ መንግሥት መዛግብት እንዲህ ያለች ልዕልት አያውቁም። የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ግን ጋብቻ ሳይፈጠርለት የተረጋገጠ ነው፤ ፓራሜስዋራ በ1411 ራሱ ቻይና ድረስ ተጉዟል።

ተረት 4፦ ከተማዋን የያዘ ንግዷንም ያዘ

እውነቱ፦ የፖርቹጋሉ አዛዥ አፎንሶ ደ አልቡከርክ በ1511 ማላካን ሲወጋ ትግሉ የከረረው በዚያው ድልድይ ላይ ነበር፤ የሱልጣኑን ወገን ከነጋዴዎቹ ሰፈር የሚያገናኘው እሱ ነበርና። ካሸነፈ በኋላ ከመስጊድና ከነገሥታት መቃብር በተነቀለ ድንጋይ ምሽግ አሠራ። ግንብ ግን ነጋዴ አያስቀምጥም። ብዙ ሙስሊም ነጋዴዎች ወደ አቼ፣ ወደ ጆሆርና ወደ ባንተን ዞሩ፤ የሱልጣኑ ዘሮችም ከጆሆር ሆነው መዋጋታቸውን አላቆሙም። ማላካ ወደብነቷን ባታጣም፣ ሁሉ የሚገናኝባት የጋራ ገበያ መሆኗ ቀረ። በ1641 ደች በጆሆር እርዳታ ያዟት፤ የእስያ ዋና ማዕከላቸው ግን ባታቪያ ስለነበረች ሁለተኛ አደረጓት። በ1819 እንግሊዞች ሲንጋፖርን ሲከፍቱ የቀረው ንግድ ወደዚያ አመራ። ምሽጉንም ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ራሳቸው እንግሊዞች አፈረሱት፤ ዛሬ ጎብኚ ፎቶ የሚነሣበት አንድ በሩ ብቻ ነው የተረፈው።

የማላካ ሀብት ባዕድ ሰው ሳይፈራ ሸቀጡን የሚያራግፍበት ደንብ ነበር። ያንን ደንብ ያወጡትና ያስከበሩት ማላዮች ናቸው፤ ያደመቁት ደግሞ ከአራቱም ማዕዘን የመጡ ነጋዴዎች። ስለዚህ የማላካን ታሪክ የሚያስተምርም ሆነ የሚያስጎበኝ ሰው ከ1511 አይጀምር። በዚያ ዓመት የሆነው የተሠራ ከተማ መዘረፉ ነው።