ትንሹ የኤፍ-5 ሞተር

ትናንት ካዛንቺስ ማኪያቶ ይዘን አንድ ወጣት ባልደረባዬ "ጋሼ፣ የኤፍ-5 ሞተር ምኑ ነው እንዲህ የሚደነቀው?" አለኝ። ዕድሜዬን በሞተር ጥገና ስላሳለፍኩ እዚህም ልመልስ።

የዚህ ተዋጊ ጄት ሞተር ጄ85 ይባላል፤ የጀነራል ኤሌክትሪክ ሥራ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሰው ለሚያበረው አውሮፕላን ሳይሆን፣ ከቢ-52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተለቅቆ ራዳር ለሚያታልል ሚሳይል ነበር። ትንሽ የሆነውም ለዚህ ነው። ኤፍ-5ኢ በተባለው ዓይነት ላይ ያለው ሞተር 310 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው፤ ግፊቱ ግን 2,270 ኪሎ ይደርሳል፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ሁለት አለው።

የአንጥረኛ ወናፍ አስቡ። 9 ረድፍ ምላጮች አየሩን እያመቁ ወደ እሳቱ ይሰዱታል፤ ትኩሱ ጋዝ ተርባይኑን አሽከርክሮ ወደ ኋላ ይወረወራል። የኋለኞቹ ምላጮች በጣም ትንንሽ ናቸው፤ አንዲት ጠጠር ብትገባ ጉድ ነው! አፍተርበርነር ሲለኮስ ሳይቃጠል በተረፈው ኦክስጅን ላይ እንደገና ነዳጅ ይረጫል። ግፊቱ በ40 በመቶ ገደማ ሲጨምር ነዳጁ 3 እጥፍ ያህል ይነዳል።

ይህች ትንሽ ሞተር በጦርነትም ተፈትናለች። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ከሶማሊያ ጋር ስንዋጋ የእነሱ ተዋጊ ጄት ሚግ-21 ከድምፅ 2 እጥፍ ይፈጥን ነበር፤ የእኛ ኤፍ-5ኢ 1.6 እጥፍ። አብራሪዎቻችን እነ ለገሰ ተፈራ ግን በኦጋዴን ሰማይ ላይ ሚጎቹን መትተው ጥለዋል። የአየር ፍልሚያ መጠማዘዝ ይበዛዋል፤ እዚያ ላይ ያቺ ቀላል አውሮፕላን ከነትንንሽ ሞተሮቿ ትታዘዛለች።