አሮጌ ሕንፃን ሳያፈርሱ የኃይልን ወጪ ስለ መቀነስ

ቀዳዳው ያልተደፈነ ጎተራ እህል ቢጨምሩበት አይሞላም። የመሥሪያ ቤት ሕንፃም እንደዚሁ ነው፤ በመስኮቱና በግድግዳው ሙቀት የሚያስገባና የሚያስወጣ ከሆነ፥ ታላቅ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ቢተክሉለት ገንዘብ ይበላል እንጂ ምቾት አይሰጥም። ስለዚህ መኪናውን ከመግዛት አስቀድሞ ቤቱን መመርመር ይገባል።

ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆነው በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኘው ኤምፓየር ስቴት የሚባለው ሕንፃ ነው። 102 ፎቅ ያለው ይህ ሕንፃ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. ተመረቀ። በ2009 ዓ.ም. የኃይሉን ወጪ ለመቀነስ የታሰበው እድሳት ሲገለጽ፥ ኃይሉ በየት በየት እንደሚባክን መሐንዲሶች አስቀድመው መርምረው ነበር።

የመስኮቶቹ ቍጥር 6,514 ነው። እነዚህን ጥሎ አዲስ መግዛት ብዙ ወጪ ስለሚያስከትል ሌላ ብልኃት ተገኘ። ይኸውም በዚያው ሕንፃ በ5ኛው ፎቅ የሥራ ቦታ ተዘጋጅቶ፥ ጥንዱ መስተዋት እየተፈታ ታጠበ፤ በሁለቱ መካከል ብርሃንን የሚያሳልፍ ሙቀትን ግን የሚመልስ ስስ ሽፋን ተዘረጋ፤ ሙቀትን በቀላሉ የማያስተላልፍ ጋዝም ተሞልቶ መስኮቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከአሮጌው መስተዋትና ክፈፍ 96 ከመቶ የሚሆነው እንደ ገና በሥራ ላይ ዋለ።

ደግሞም በማሞቂያዎቹ ጀርባ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ የሚመልስ አንጸባራቂ መከላከያ ተደረገ። በዚህ ሁሉ የማቀዝቀዣው ሸክም ስለ ቀለለ፥ የበለጠ ትልቅ መኪና መግዛት ቀርቶ ነባሮቹ ታደሱ።

መሐንዲሶቹ ሥራው ሁሉ ሲፈጸም ፍጆታው በ38 ከመቶ እንደሚቀንስ፥ በየዓመቱም 4.4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚተርፍ ገመቱ። ዋናው ሥራ ካለቀ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት የተገኘው ቍጠባ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፥ ዋስትና ከተሰጠበት መጠን በ5 ከመቶ በለጠ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የሕንፃው ትልቅነት ሳይሆን የሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ አስቀድሞ ብክነቱን ማወቅ፥ ቀጥሎ ቀዳዳውን መድፈን፥ በመጨረሻም መኪናውን እንደ ተረፈው ፍላጎት መጠን ማበጀት ነው። ቆርቆሮ የለበሰ የወረዳ ጽሕፈት ቤትም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለም። ኮርኒስና የነፋስ መውጫ የሌለው ቢሮ በቀትር ይግላል፤ የከብት ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣም በእንደዚህ ያለ ክፍል ወይም ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ ቢቆም፥ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ መብራት በጠፋ ጊዜም ክትባቱ ፈጥኖ ለብልሽት ይጋለጣል። ማቀዝቀዣውን ወደ ጥላ ማዛወር ምንም ወጪ የለውም፤ ኮርኒስ ማስመታትም አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ነው። የመብራት ሒሳብ ግን በየወሩ ይመጣል። እንግዲህ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሆነ ሰው አዲስ ዕቃ ይገዛልኝ ብሎ ከመጻፉ በፊት፥ ጣራውን፥ መስኮቱንና የወራቱን የሒሳብ ደረሰኝ ቢመረምር ለመንግሥት ገንዘብ ታማኝ ጠባቂ ይሆናል።