ፊት የሌለው ስቅለት

ጎጃም ውስጥ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ካሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱ ገብቶ የመቅደሱን ግድግዳ ያየ ሰው፣ ሥዕል ማለት ፊት ነው ቢል አይፈረድበትም። በጨርቅ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ጻድቃን ሁለት ዓይናቸውን ገልጠው ያዩታል። ክፉዎቹ በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ደጉን ከክፉው ለመለየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

እንዲህ ሲያይ ላደገ ሰው ፊት የሌለበት ሥዕል «ምኑን ልየው?» ያሰኛል።

ይህን ጥያቄ አገር ውስጥ ካስነሡት ሠዓሊዎች ቀዳሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ጎጃሜ አይደለም፤ በ1932 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ብራና በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ልጁ ኮሌጅ ገብቶ የጀመረውን የግብርና ትምህርት አቋርጦ፣ በ1957 ጀርመን ኮሎኝ ሥዕል ሊማር ሄደ። እዚያ ቀለም የነገሩን መልክ ትቶ ስሜቱን ሊናገር እንደሚችል ተረዳ። ተመልሶም አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

«ጎልጎታ» (1963) ለውጡን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ስቅለት የሌለበት የጎጃም ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ሐዘኑ የሚነበበውም ከእመቤታችንና ከዮሐንስ ፊት ነው። ገብረ ክርስቶስ ግን ሕመሙን ለቀዩ ቀለም ሰጠው። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀዩ ላይ ነው፣ አካሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሰውን መሣል ግን ጨርሶ አልተወም፤ ከአብስትራክቱ (ከመልክ አልባው ሥዕል) ጎን ይሥል ነበር።

«የፈረንጅ ሥዕል ነው» ተባለ። አብስትራክትን ኮሎኝ መማሩ እውነት ነው፤ ሁሉን ከብራና መምዘዝም እሱን መበደል ይሆናል። ነገር ግን አባቱ ያስጌጡት በነበረው ዓይነት ብራና ላይ፣ ልክ እንደ ጎጃም ብራናዎች፣ ከጽሑፉ ራስ የሚጠላለፍ ሐረግ አለ። ሐረግ ፊት የለውም፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀውም አልተሰማም። ጠልሰም (የክታብ ሥዕል) ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፊት የሚተርፈው ዓይን ብቻ ነው።

በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። «ሀገሬ» የተሰኘውን ግጥሙን የሚያውቁ ብዙዎች ሠዓሊነቱን አያውቁም። ከቡሬ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው፣ ስድስት ኪሎ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ከጀርመን የተመለሱ ሥዕሎቹን ያገኛል።