ለሞተር ቢስክሌት ካቴና በራሱ ዘይት ስለሚያንጠባጥብ መሣሪያ፤ አገጣጠሙና የነጋዴው ድርሻ

የሞተር ቢስክሌት ካቴና በመንገድ ላይ ሲበጠስ የሚደርሰው ጉዳት የአንድ ቀን ሥራ መጓደል ብቻ አይደለም። የተበጠሰው ካቴና በፊተኛው ጥርስ ላይ ተጠምጥሞ የሞተሩን አካል ሊሰነጥቅ፣ የኋላውንም ጎማ ድንገት ሊያግድ ይችላል። ይህ ነገር ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው በደንገጎ ቁልቁለት ላይ ቢደርስ በነጂው ሕይወት ላይ የሚያስከትለውን አደጋ ለመገመት አያዳግትም። እንዲህ ያለው ብልሽት በአብዛኛው የሚመጣው ከዘይት ማነስና ከአያያዝ ጉድለት ስለ ሆነ፣ ይህን ጉድለት ለማቃለል ስለተሠራው መሣሪያ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች ጥቂት መግለጫ መስጠት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በመጀመሪያ ስለ ካቴናው ራሱ መናገር ያስፈልጋል። ዛሬ በሞተር ቢስክሌት ላይ የምናየው ባለ ተንከባላይ ካቴና በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ይሠራ በነበረው በሐንስ ሬኖልድ እ.ኤ.አ. በ1880 ፓተንት የወጣለት ነው። እያንዳንዱ የካቴናው ፍሬ ሰሌዳዎች፣ ፒኖች፣ ፒኖቹ የሚገቡባቸው ቡሾችና በላያቸው የሚሽከረከሩ ሮለሮች አሉት። ካቴናው በተጠማዘዘ ቁጥር ፒኑ በቡሹ ውስጥ ይፋተጋል። ሰዎች «ካቴናው ተሳበ» ሲሉ ብረቱ እንደ ላስቲክ የተለጠጠ ይመስላቸዋል፤ እውነቱ ግን እያንዳንዱ ፒንና ቡሽ ጥቂት በጥቂት ስለ ተበላ የሁሉም ክፍተት ተደምሮ ካቴናው መርዘሙ ነው። በመካከላቸው ዘይት ካለ መበላቱ ይዘገያል፤ ዘይቱ ከደረቀና አቧራ ከገባበት ግን አቧራው እንደ ሞረድ ሆኖ ብረቱን ይፍቀዋል።

የመበላቱን መጠን ባለሱቁ በቀላል ሜትር ለክቶ ለደንበኛው ሊያሳየው ይችላል። በብዙ ትናንሽ ሞተር ቢስክሌቶች ላይ የሚገኘው 428 ቁጥር ያለው ካቴና ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የ20 ፍሬ ርዝመት በአዲስነቱ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ልክ ወደ 259 ሚሊ ሜትር የደረሰ እንደ ሆነ፣ ማለት በመቶ 2 ያህል ሲረዝም፣ ካቴናው መለወጥ አለበት።

ጥቂት ዘይት በየጊዜው መስጠት ብዙ ዘይት አልፎ አልፎ ከማፍሰስ እንደሚሻል በመኪና ግርግር ሰፈር የሚሠሩት የሐረር ልብስ ሰፊዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስፌት መኪናውን በዘይት የሚያጥለቀልቅ ሰው የደንበኛውን ጨርቅ ያበላሻል፤ ጭራሽ የማይቀባም መኪናውን ይገድላል። የካቴናም ነገር እንዲሁ ነው። በሳምንት አንድ ቀን በብዛት የፈሰሰው ዘይት በመጀመሪያው ጉዞ ከካቴናው ተፈናጥሮ በጎማውና በነጂው ልብስ ላይ ያርፋል፤ በቀሩት ቀናት ካቴናው ደርቆ ይሄዳል። በራሱ ዘይት የሚያንጠባጥበው መሣሪያ የተፈለሰፈው ይህን ለማስቀረት ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ የቀረበው ሆንዳ ሲ.ቢ. 750 ከራሱ ከሞተሩ ዘይት ጥቂት እየወሰደ በፊተኛው ጥርስ ዘንግ በኩል ለካቴናው የሚያደርስ መንገድ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ፒኑና ቡሹ በግራሶ ተሞልተው በላስቲክ ቀለበት፣ ማለት በኦሪንግ፣ የሚታሸጉ ካቴናዎች ተስፋፉ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በስኮትላንድ የተሠራው «ስኮት ኦይለር» የተባለው መሣሪያ በማናቸውም ሞተር ቢስክሌት ላይ ተጨምሮ የሚገጠም ሆኖ ለሽያጭ ቀረበ። ዛሬ የሚሸጡት መሣሪያዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ኃይል ቫልቩ የሚከፈት ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ በራሱ ይዘጋል። ሁለተኛው ነጂው በእጁ ከፍቶ የሚዘጋው፣ ዘይቱም በክብደቱ የሚወርድ ነው። ሦስተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን እንደ ፍጥነቱ መጠን ዘይቱን ይመጥናል።

አስመጪው ከማዘዙ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ይህ መሣሪያ ለሁሉም ተሽከርካሪ የማይሆን መሆኑን ነው። በከተማችን መንገዶች የሚመላለሰው ባለ ሦስት ጎማ ባጃጅ ኃይሉን የሚያስተላልፈው በዘንግ ስለ ሆነ ካቴና የለውም። ሞተራቸው በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ የተሠራላቸው የኤሌክትሪክ ሞተር ቢስክሌቶችም እንዲሁ። ለገጠር ሥራ እንደ ተሠራው ያማሃ ኤ.ጂ. 200 ያሉት ደግሞ ካቴናቸው በሙሉ መሸፈኛ ውስጥ ነው፤ መሸፈኛው አቧራና ዝናብ ስለሚከላከል ለእነዚህ በየጊዜው ከፍቶ ማየትና በእጅ መቀባት ይበቃል። ስለዚህ መሣሪያው በእውነት የሚጠቅመው ካቴናው የተገለጠና በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሞተር ቢስክሌት ነው። ኦሪንግ ያለው ካቴናም ቢሆን ላስቲኩ እንዳይደርቅና ሮለሮቹ እንዳይዝጉ ከውጭ ዘይት ይፈልጋል።

የአገጣጠሙ ሥርዓት ከዚህ ቀጥሎ እንደ ተዘረዘረው ነው።

አንደኛ፤ አሮጌው ካቴና አስቀድሞ በሜትር ይለካ። ካቴናው ካለቀ መሣሪያው አያድነውም። ደኅና ከሆነ በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ታጥቦ ይድረቅ። በቤንዚን ማጠብ የኦሪንጉን ላስቲክ ይጎዳል፤ እሳትም ያስነሣል።

ሁለተኛ፤ የዘይቱ ማጠራቀሚያ ዕቃ ከኋላ ጥርሱ ከፍ ባለ ቦታ፣ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ፣ ከጭስ ማውጫው ሙቀት ርቆ በአካሉ ላይ ይታሰር።

ሦስተኛ፤ በአየር ስበት የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ቀጭኑ ቱቦ በካርቡራቶሩና በሞተሩ መካከል ባለው የአየር መግቢያ ላይ ይገናኛል። መጋጠሚያው ከላላ ሞተሩ ያልታሰበ አየር ስለሚስብ በዝግታ ሲሠራ ይንገጫገጫል ወይም ይጠፋል። ለዚህ የሚሆን ቀዳዳ በሌለው ሞተር ላይ ብረት ከመብሳት በእጅ የሚከፈተውን ዓይነት መምረጥ ይሻላል።

አራተኛ፤ ዘይቱን የሚያወርደው ቱቦ ጎማውን የሚይዘውን የኋላ ሹካ ተከትሎ ይሂድ። ሹካው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ቱቦው እንዳይወጠር ጥቂት ትርፍ ይተውለት፤ በየስፍራውም በማሰሪያ ይጥበቅ። ያልተጠበቀ ቱቦ በካቴናው ሊነጠቅ ይችላል።

አምስተኛ፤ የቱቦው ጫፍ በካቴናው ላይ ሳይሆን በኋላ ጥርሱ ጎን ላይ፣ ከበታቹ ይረፍ። ካቴናው ባለበት በግራ በኩል ቆሞ ለሚመለከት ሰው ጥርሱ እንደ ሰዓት ፊት ቢታሰብ ስፍራው የ7 ቁጥር ከሚጻፍበት አጠገብ ነው። ጥርሱ ሲዞር በሚወረውረው ኃይል ዘይቱ ከመካከል ወደ ዳር ሄዶ ሮለሮቹን ያገኛቸዋል።

ስድስተኛ፤ ቱቦው እስከ ጫፉ በዘይት ከተሞላ በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ ቆሞ ሳለ ጠብታው ይቆጠር። በደቂቃ 1 ጠብታ ያህል ለመነሻ የተለመደ ልክ ነው። ከአጭር ጉዞ በኋላ ነጂው ወርዶ የኋላውን ጎማና ፍሬኑን ይመርምር፤ በዚያ ላይ ዘይት ከታየ መጠኑ ይቀነስ፤ ጫፉም ይስተካከል። በጎማ ላይ ያረፈ ዘይት ከደረቀ ካቴና የበለጠ አደጋ ነው።

በዚህ ስፍራ የእኛን አገር ነጂ በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ዘይት ሲሞቅ ስለሚቀጥን፣ በሐረር ማለዳ ብርድ በደቂቃ 1 ጠብታ ተብሎ የተስተካከለው መሣሪያ በድሬዳዋ ቀትር በዝቶ ይወርዳል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሰው ልኩን በሁለቱም ከተማ ይመልከት፤ አብዛኛውን ጊዜ በቆላ የሚሠራም ወፈር ያለውን ዘይት ይግዛ። የክረምት ዝናብ ደግሞ ዘይቱን ስለሚያጥብ በዚያ ወራት ጠብታውን ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል።

ወጪውን ለማስላት አያስቸግርም። በሰዓት 60 ጠብታ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ዕቃ እንግዲህ ከ17 እስከ 25 ሰዓት ያገለግላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ይህ ከ700 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር፣ ወይም ከሐረር ድሬዳዋ ደርሶ ከ7 እስከ 10 ጊዜ የመመለስ ያህል ነው።

ከሞተር የተቀዳውን ያገለገለ ዘይት ለዚህ ሥራ መሸጥም ሆነ መግዛት አይገባም፤ በውስጡ የብረት ብናኝና አሲድ ስላለበት ያድናል የተባለውን ካቴና ይበላዋል። መሣሪያውን ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ደንበኛ ቢኖር የካምቢዮ ዘይት፣ ቁጥሩ 80 ወይም 90 የሆነውን፣ ማታ ካቴናው ገና ሳይቀዘቅዝ በጥቂቱ ቀብቶ ትርፉን በጨርቅ ቢጠርግ ብዙ ይጠቀማል። ደግሞም በጀጎል ቅጥር ውስጥ ያሉት ጠባብ መንገዶች ድንጋይ የተነጠፈባቸው ስለ ሆኑ የሚንጠባጠብ ዘይት እግረኛን ያንሸራትታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን ከተማ ማሳደፍም አይገባም። ሞተሩ ሲጠፋ ጠብታው መቆሙን ሳያረጋግጥ ማንም መካኒክ ሥራውን ጨርሻለሁ አይበል።

በመጨረሻ ስለ ንግዱ የምንለው ይህ ነው። አስመጪው መሣሪያውን ሲያዝ መለዋወጫ ቱቦውን፣ ማሰሪያውንና ለደጋም ለቆላም የሚሆነውን ዘይት አብሮ ይዘዝ፤ ቱቦው ሲቀደድ የሚተካው ያጣ ደንበኛ ዕቃውን ነቅሎ ይጥለዋልና። ባለሱቁ ካቴናን ለብቻው ከመሸጥ ከፊትና ከኋላ ጥርሱ ጋር አንድ ላይ ቢሸጥ ይመረጣል፤ አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ሲገባ ቶሎ ያልቃል፤ ደንበኛውም ጥፋቱን የሚያየው በሻጩ ላይ ነው። ከመሸጡም በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ካቴናው የተገለጠ ነው ወይስ የተሸፈነ? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? የሚሠራውስ በደጋ ነው ወይስ በቆላ? መልሱን ሰምቶ «ለአንተ ይህ መሣሪያ አያስፈልግህም፤ አንድ ጠርሙስ ዘይትና ብሩሽ ይበቃሃል» ለማለት የሚደፍር ነጋዴ በዚያ ቀን ጥቂት ብር ቢቀርበት ደንበኛውን ለብዙ ዓመት ያተርፋል።