10,000 ብር አለኝ፣ አክሲዮን ልግዛበት?

ሀዋሳ ላይ ደሞዝ በገባ ሰሞን ከጓደኛ የማይጠፋ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ብሩ መቼ እንደሚያስፈልጋችሁ ይወሰናል።

የኢትዮ ቴሌኮምን ሽያጭ እናንሳ። ከጥቅምት 6 እስከ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም በቴሌብር ሲሸጥ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር ማለት ነው፣ የአገልግሎት ክፍያው ሳይቆጠር። ያለችው 10,000 ብር ብቻ የሆነች ሰው ይህን ከገዛ እጁ ባዶ ነው። በማግስቱ እናቱ ቢታመሙስ? በቴሌብር ስለተገዛ ብቻ እንደ ቴሌብር ሒሳብ በፈለጉት ሰዓት አይወጣም። አክሲዮን ብር የሚሆነው ገዢ ሲገኝ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም በይፋ ተከፍቷል፣ ወጋገን ባንክም ቀድሞ ተመዝግቦበታል። ግን ገበያው ገና ልጅ ነው፤ ዛሬ ልሽጥ ብላችሁ ዛሬውኑ፣ ያውም በምትፈልጉት ዋጋ፣ ገዢ ላታገኙ ትችላላችሁ።

ደሞዝ ድንገት ሲቆም ምን እንደሚመስል ከተማችን አይታዋለች። ኅዳር 2014 ዓ.ም ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። እንዲህ ያለ ጊዜ አከራይ የአክሲዮን ሰርተፍኬት አይቀበልም።

ስለዚህ መጀመሪያ የወር ወጪያችሁን ቁጠሩ፦ ኪራይ፣ ምግብ፣ ባጃጅ፣ የስልክ ካርድ፣ ለቤተሰብ የምትልኩት (ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል)። በወር 5,000 ብር ከሆነ፣ ቢያንስ የሦስት ወሩ 15,000 ባንክ ይቀመጥ። አዎ፣ የኑሮ ውድነቱ ይሸረሽረዋል። ቢሆንም በክፉ ቀን የሚገኘው እሱ ነው። ከዚያ በላይ የተረፈው፣ ለዓመታት የማትነኩት ብር፣ ለአክሲዮን ይሁን።

ዕቁብ የለመደ ሰው አንድ ነገር ይሳሳታል። ዕቁብ ላይ የጣላችሁት ተራችሁ ሲደርስ ይመለሳል። አክሲዮን ላይ ግን ድርጅቱ ካላተረፈ፣ ወይም ጠቅላላ ጉባኤው ትርፉ ለሥራ ማስፋፊያ ይዋል ካለ፣ በዚያ ዓመት የትርፍ ድርሻ የለም። ዋጋውም ሊወርድ ይችላል። ተበድሮ መግዛት ደሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ የብድሩ ቀን የታወቀ ነው፣ የትርፉ ግን አይታወቅም።

ቴሌግራም ላይ «በቀን ይህን ያህል ትርፍ» የሚሏችሁ ደግሞ አክሲዮን እየሸጡ አይደለም። የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳላቸው ሳታጣሩ አምስት ሳንቲም አትላኩ።