አንድ ሳምንት ያሳለፈ አንድ ዓመት ይጠብቃል፦ የመንግሥት አስተዳደርና የፖሊሲ ተማሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ የሴሚስተር ቀኖች

የጤፍ መዝሪያ ሳምንታት ካለፉ በኋላ የሚደረግ ጥድፊያ ብዙም እንደማይጠቅም ገበሬ ያውቃል። መሬቱ ያው መሬት፣ ዘሩም ያው ዘር ቢሆንም ቀጣዩ ዕድል የሚገኘው በከርሞው ክረምት ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርትም የሚመራው በዚሁ ዓይነት ወቅት ነው። ልዩነቱ፣ የእርሻውን ወቅት መላው ቤተሰብ ሲያውቀው የዩኒቨርሲቲውን ወቅት ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ተማሪው ብቻ መሆኑ ነው። አንዳንዴ እርሱም የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በምትገኘው ሀና ማርያም ይህ ጉዳይ የብዙ ቤት ጉዳይ ነው። ከሠፈሩ ተነሥቶ ከተማዋን ከደቡብ ወደ ሰሜን እያቋረጠ ስድስት ኪሎ የሚመላለስ ተማሪ አለ። ቀን እየሠራ ማታ በግል ኮሌጅ የሚማር አለ። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ተመድቦ ከቤተሰቡ ርቆ የሚኖርም አለ። ሦስቱም የሚገዙት በአንድ ሕግ ነው፤ እርሱም የተቋማቸው አካዳሚክ ካላንደር ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው የፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ የሕዝብ አስተዳደር፣ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር እንዲሁም የአስተዳደርና ልማት ጥናት በሚማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ ነው። ትክክለኛው ዕለት ከተቋም ተቋም፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። የቀኖቹ ዓይነትና ቅደም ተከተል ግን በአብዛኛው አንድ ነው።

ምዝገባ፦ የመጀመሪያው በር

የትምህርት ዓመቱ በሁለት ሴሚስተር ይከፈላል። አንዱ ሴሚስተር ወደ 16 ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ተማሪው በእያንዳንዱ ሴሚስተር መጀመሪያ በአካል ወይም በኢንተርኔት ይመዘገባል። የመደበኛው ምዝገባ ቀኖች ጥቂት ናቸው። ከዚያ በኋላ በቅጣት የሚመዘገቡበት አጭር ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ እርሱም ሲያልፍ በሩ ይዘጋል። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መማር ብቻውን ተማሪ አያሰኝም። ስሙ በሬጅስትራር መዝገብ ላይ ከሌለ ውጤቱም አይመዘገብለትም።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ከምዝገባው ጋር የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ይህ አሠራር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ ተማሪው ከትምህርት ወጪው የሚደርስበትን ድርሻ ተመርቆ ገቢ ማግኘት ሲጀምር ከገቢው ላይ እየተቀነሰ እንዲከፍል የሚያደርግ ነው። ውሉ ዕዳ ስለሆነ ወላጅ ቅጂውን ጠይቆ ከቤት ሰነዶች ጋር ቢያስቀምጠው ይጠቅመዋል።

ለአዲስ ገቢዎች አንድ ተጨማሪ ቀን አለ። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ተማሪው የትምህርት ክፍሉን የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። ምደባው የሚከናወነው በተማሪው ምርጫና ባመጣው ውጤት ነው። የምርጫውን ቅጽ በጊዜው ያልሞላ ተማሪ ቦታ በተረፈበት የትምህርት ክፍል ሊመደብ ይችላል። ስለዚህ ፖለቲካ ሳይንስን ወይም የሕዝብ አስተዳደርን የሚፈልግ ተማሪ ይህን ቀን እንደ ፈተና ቀን ሊቆጥረው ይገባል።

ኮርስ የመጨመርና የመቀነስ ቀኖች

ከምዝገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀኖች ተማሪው ኮርስ መጨመር ወይም መቀነስ ይፈቀድለታል። በግቢ ቋንቋ «አድ ኤንድ ድሮፕ» የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ተማሪ ጉዳዩን እንደ ተራ የወረቀት ሥራ ያየዋል። የዓመት ኪሳራ የሚጀምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አብዛኞቹ ኮርሶች የሚሰጡት በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከዚህም ሌላ ኮርሶቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ ፊተኛውን ያላለፈ ወደ ኋለኛው አይሻገርም። ለምሳሌ የጥናት ዘዴ ኮርስ የመመረቂያ ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ነው። በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር በዚህ ኮርስ የወደቀ ተማሪ፣ ኮርሱ ዳግመኛ የሚሰጠው በአራተኛው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ከሆነ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ከጓደኞቹ ጋር ለመጀመር ይቸገራል። በአንድ ኮርስ ምክንያት ምረቃው ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይሸጋገራል። ቤተሰቡም የአንድ ዓመት ቤት ኪራይ፣ ምግብና ትራንስፖርት ይጨምራል።

ስለዚህ የወደቀ ኮርስ ያለበት ተማሪ ያ ኮርስ በዚህ ሴሚስተር በየትኛውም ክፍል ወይም መርሐ ግብር ይሰጥ እንደሆነ በመጨመሪያው ቀኖች ውስጥ አማካሪ መምህሩን መጠየቅ አለበት። መደበኛው ክፍል ባይሰጠው የማታው ወይም የክረምቱ ሊሰጠው ይችላል። ጥያቄው ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ ሰሚ አያገኝም።

ችግር ሲገጥም፦ በሥርዓት መውጣትና መጥፋት

ሕመም፣ የወላጅ ሞት፣ የገቢ መቋረጥ ወይም የመንገድ መዘጋት ተማሪን ከትምህርቱ ሊያስተጓጉለው ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው በሥርዓት ትምህርትን ማቋረጥ ነው። ተማሪው «ዊዝድሮዋል» የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ፣ ምክንያቱን በማስረጃ አስደግፎ፣ በእጁ ያለውን የተቋሙን ንብረት መልሶ ይወጣል። መዝገቡም በፈቃድ እንዳቋረጠ ያሳያል። ችግሩ ሲቃለል የመልሶ ቅበላ ማመልከቻ አስገብቶ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሁለተኛው ዝም ብሎ መጥፋት ነው። ለጊዜው ይህ ይቀላል፤ ወረፋም የለው፣ ፊርማም የለው። መዝገቡ ግን ተማሪው መታመሙን አያውቅም። የሚያውቀው ፈተና ላይ አለመገኘቱን ብቻ ነው። ውጤቱ ይበላሻል፤ ለመመለስ በሚጠይቅበት ጊዜም በቅድሚያ የሚቀርብበት ጥያቄ ለምን ሳያሳውቅ እንደጠፋ ነው። ሁለቱ ተማሪዎች የደረሰባቸው ችግር አንድ ሊሆን ይችላል። የለያያቸው አንድ ቅጽ ነው።

መልሶ ቅበላም የራሱ ቀን አለው። ማመልከቻው የሚቀርበው ሴሚስተሩ ከመጀመሩ አስቀድሞ ሲሆን፣ በሁለተኛው ሴሚስተር ያቋረጠ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ነው። በመስከረም ሻንጣውን ይዞ ቢመጣ የሚማረው ኮርስ ላያገኝ ይችላል።

በበቂ ምክንያት ፈተና ያመለጠው ተማሪ ስለ ማካካሻ ፈተና፣ በውጤቱ ቅር የተሰኘም ስለ ድጋሚ እርማት የመጠየቅ መብት አለው። ለሁለቱም የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ የሕክምና ማስረጃ በታመሙበት ዕለት መያዝ ይበጃል።

የመውጫ ፈተና

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት መስኮች ለሚመረቁ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሀገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ተሰጥቷል። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። በዚያ ዙር ፈተናውን ከወሰዱት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ሲሆኑ፣ ይህም ወደ 41 ከመቶ ይጠጋል። ከመንግሥት ተቋማት 62 ከመቶ ገደማ፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17 ከመቶ ገደማ አልፈዋል።

አኃዙ ሁለት ነገር ያስተምራል። በየሴሚስተሩ ጥሩ ውጤት ማምጣት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ፈተናው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓመት የተሰጡትን ዋና ዋና ኮርሶች በአንድነት ይጠይቃልና። ልጃቸውን ከፍለው የሚያስተምሩ ወላጆችም ኮሌጅ ከመምረጣቸው በፊት ያ ኮሌጅ በዚያ የትምህርት መስክ ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንት እንዳሳለፈ ሊጠይቁ ይገባል።

ፈተናው በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚሰጥ ያላለፈ ተማሪ ዳግም ይቀመጣል። ድጋሚ ለመፈተን ግን በተወሰነው ጊዜ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከግቢ የወጣ ተማሪ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስለማያይ ይህ ቀን በቀላሉ የሚያመልጠው እርሱን ነው።

ዕድሎቹም ቀን አላቸው

የመንግሥት አስተዳደርና የፖሊሲ ተማሪ ከሌሎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ የሚያጠናው ተቋም በሠፈሩ አለ። የሕክምና ተማሪ ሆስፒታል፣ የምሕንድስና ተማሪ ግንባታ ይፈልጋል። የእርሱ ቤተ ሙከራ ግን የወረዳ ጽሕፈት ቤቱ ነው። ሀና ማርያም እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ዳርቻ ሠፈሮች ከተማና እርሻ የተገናኙበት አካባቢ በመሆኑ የመሬት ይዞታ፣ የመኖሪያ ቤት፣ የትራንስፖርትና የውኃ አቅርቦት ጥያቄዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቁ ርእሶች ናቸው።

ቤተ ሙከራው ግን የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ ሥራውን በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እንደሚጀምርና ሰኔ 30 እንደሚያጠናቅቅ ሕገ መንግሥቱ ደንግጓል። የምክር ቤቱን ሥራ ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ በክረምት ቢሄድ ጉባኤ አያገኝም። ስለ በጀት የሚጽፍም ዋናውን ክርክር የሚሰማው በግንቦትና በሰኔ፣ ማለትም ራሱ ለፈተና በሚዘጋጅበት ወር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ማቀድ ይኖርበታል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ የመንግሥት ሰነድ የሚያስፈልገው ተማሪ የሚጠቀምበት ሕግም አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱ ለጥያቄው በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ይጠበቃል፤ ከከለከለም ምክንያቱን መግለጽ አለበት። አቤቱታ ያለው እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ መሄድ ይችላል። 30 ቀን ከአንድ ሴሚስተር ሩብ ያህል ስለሆነ ጥያቄውን በሴሚስተሩ መጀመሪያ ያስገባ ተማሪ ሰነዱ በጊዜ ይደርስለታል። በመጨረሻው ወር ያስገባ ግን መብቱ ቢኖረውም ጊዜው አይበቃውም።

አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። የተባበሩት መንግሥታት የሥራ ልምምድ ለመጨረሻ ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችና ከተመረቁ አንድ ዓመት ላልሞላቸው ክፍት ነው። ልምምዱ ክፍያ የለውም። ከሀና ማርያም በየቀኑ ተመላልሶ መሥራት ለሚችል ተማሪ ይህ ሌላው ሀገር ለኪራይና ለጉዞ ብዙ የሚያወጣበት ዕድል ነው። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ተጽፎ በኢንተርኔት ይላካል። ከተመረቁ አንድ ዓመት ሲሞላ ይህ በርም ይዘጋል።

ተማሪን ወደ ሕዝቡ መላክ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ የሚያደርግ መርሐ ግብር ጀምሮ ነበር። ዛሬ ግዴታው ባይኖርም የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት በየወረዳው ይካሄዳል። ተማሪው በሰኔ ተመዝግቦ ክረምቱን ቢያገለግል፣ በመጽሐፍ ያነበበውን የአስተዳደር እርከን ሲሠራ ያየዋል። ያገለገለበትን ደብዳቤም አገልግሎቱ ባበቃበት ሳምንት መጠየቅ አለበት፤ በዓመቱ የሚፈርምለት ኃላፊ ተቀይሮ ሊያገኝ ይችላልና።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ እንኳ ልጁን አራት ነገር መጠየቅ ይችላል። ምዝገባው መቼ ያበቃል? የወደቅክበት ወይም የቀረህ ኮርስ አለ ወይ፣ ካለስ መቼ ይሰጣል? ችግር ቢገጥምህ ለማቋረጥ የሚፈቀደው እስከ መቼ ነው? የመውጫ ፈተናው ምዝገባ መቼ ነው? ልጁ መልሱን ካላወቀ ሄዶ ከሬጅስትራር ወይም ከአማካሪ መምህሩ ያምጣ። መልሶቹ በቤቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ፣ ከዓመት በዓላቱ ጎን ይጻፉ።

ይህ ልጅን መጠራጠር አይደለም። የዘር ቀንን ገበሬ ብቻውን አይጠብቅም፤ በሬ የሚያውሰው ጎረቤትና እርጎ የምታቀርበው ባለቤቱም ይጠብቃሉ። የመንግሥትን ሥራ የሚማር ልጅ ነገ በወረዳው ወንበር ተቀምጦ የሌላውን ጉዳይ በቀጠሮ የሚያስተናግድ ሰው ነው። ቀነ ገደብን ማክበርና ችግር ሲገጥም ቀድሞ ማሳወቅን ዛሬ በራሱ ጉዳይ ቢለምድ፣ ነገ ከፊቱ የሚሰለፈው ባለጉዳይም ይጠቀማል።